ሶማሌ ተራ ሳይደርሱ የቀሩ መኪኖች

ብርቱካንማው ዶጅ ቻርጀር ከመወጣጫው ተስፈንጥሮ 25 ሜትር ያህል በአየር ላይ ሄደ። አፍንጫው ቀድሞ መሬት እንዳይተክል ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ክብደት ተጭኖበት ነበር። ዝላዩ አምሮ ተቀረጸ፤ መኪናው ግን መሬት ሲነካ አካሉ ተጣሞ ተበላሸ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ፣ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ «ዘ ዱክስ ኦፍ ሃዛርድ» ለተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ቀረጻ ላይ ነው። ድራማው እስከ 1985 ሲታይ ወደ 300 የሚጠጉ ቻርጀሮች እንዳለቁበት ይገመታል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መኪናው ከገበያ እየጠፋ ስለሄደ አዘጋጆቹ ዝላዩን በትንንሽ ሞዴሎች መቅረጽ ጀመሩ።

ቻርጀሮቹ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. የ1968 እና የ1969 ሥሪት ነበሩ። ድራማው ሲጀመር ገና አሥር ዓመት ቢሆናቸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአሥር ዓመት መኪና ገዢ የሚሻማበት ንብረት ነው።

ሲኒማውም ከቴሌቪዥኑ አልተሻለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ለወጣው «ዘ ብሉዝ ብራዘርስ» ያገለገሉ የፖሊስ መኪኖች በርካሽ ተገዝተው 103 መኪኖች ወድመዋል። የሚገርመው ሌት ተቀን የሚሠራ ጋራዥም ተቋቁሞ ነበር፤ ሥራውም የተጋጩትን ጠግኖ እንደገና እንዲጋጩ መመለስ ነው። «ቶፕ ጊር» የተባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስን ባሕር ውስጥ አስገባው፤ በእሳት አቃጠለው፤ በኋላም ሊፈርስ በተዘጋጀ ሕንፃ አናት ላይ አቁሞ ሕንፃው እንዲፈርስ አደረገ። መኪናው ከፍርስራሹ ወጥቶ በቀላል ጥገና ተነሳ። ሃይሉክስ አስቸጋሪ መንገድ ሁሉ የሚወጣበትን የኢትዮጵያ ገጠር የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። ጥያቄው ይህን ለማረጋገጥ ለምን ማቃጠል አስፈለገ የሚለው ነው።

ከልደታ ብዙም ሳይርቁ፣ በተክለ ሃይማኖት በኩል የአዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ሰፈር የሆነው ሶማሌ ተራ የደረሰ ሰው የነገሩ ክብደት ወዲያው ይገባዋል። ከሱቆቹ ደጃፍ ኮፈኖና ፓራፋንጎ ተደርድሯል፤ ውስጥ ካምቢዮ፣ ቴስታታና ዲናሞ በየዓይነቱ ተከምሯል። የአንድ የተጋጨ ኮሮላ በር ሌላ ኮሮላ ላይ ይገጠማል፣ ሞተሩ ሦስተኛውን ያስነሳል፣ መብራቱ አራተኛውን ለዓመታዊ ምርመራ አብቅቶ ቦሎ ያስለጥፍለታል። ብዙ መካኒኮች ከአዲስ ፎርጅድ ይልቅ ያገለገለ ኦርጅናል ዕቃ ይመርጣሉ። ጋዜጣ ላይም የኢንሹራንስ ኩባንያዎች አደጋ የደረሰባቸውን ተሽከርካሪዎች በጨረታ ለመሸጥ የሚያወጡት ማስታወቂያ አይጠፋም። ፊቱ የተጨፈለቀ መኪና ገዢ ያገኛል፤ የሚሸጠው የተረፈው ሁሉ ነውና።

በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ላዳ ታክሲዎች ከ30 ዓመት በላይ ከተማዋን ያገለገሉት በዚህ መንገድ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው የቮልስዋገን ዓይነትም ዛሬ ድረስ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ትታያለች።

አሮጌ መኪና ማጥፋት ከመዝናኛነት አልፎ የመንግሥት ፖሊሲ የሆነበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ መንግሥት የመኪና ገበያውን ለማነቃቃት 3 ቢሊዮን ዶላር መድቦ፣ ነዳጅ የሚበላ አሮጌ መኪናውን አስረክቦ አዲስ ለሚገዛ ድጎማ ሰጠ። ርክክቡ የሚጸናው ሞተሩ ከሞተ ብቻ ነበር። ዘይቱ ተቀድቶ በምትኩ ሶዲየም ሲሊኬት የተባለ ፈሳሽ ይጨመራል፤ ከዚያ ሞተሩ እስኪነክስ ድረስ እንዲሠራ ይደረጋል። የሚሠራ ሞተር እየጮኸ ሲሞት የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ብዙዎች እየተዝናኑ አይተዋቸዋል። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ 680 ሺህ ያህል መኪኖች በዚህ ሁኔታ ጠፉ። ይህ በዚያን ጊዜ በመላው ኢትዮጵያ ከነበሩት ተሽከርካሪዎች ሁሉ ይበልጣል።

በእርግጥ አሮጌ መኪና ለዘላለም ይነዳ የሚል ክርክር አያስኬድም። ጥቁር ጭስ የሚተፋ ናፍጣ መኪና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል፣ ያረጀ ፍሬን ሰው ይገድላል። መንግሥት በየካቲት 2012 ዓ.ም. በጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ሲጥል ያቀረበው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ለተወካዮች ምክር ቤት አስታወቀ። ሆኖም ለደኅንነት ሲባል መኪናን ከመንገድ ማውጣትና ለመሳቂያ መሰባበር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዕቃውን ለሌላ መኪና ያተርፋል፣ ብረቱን ለማቅለጫ ይሰጣል። ሁለተኛው ለጥቂት ሰከንድ ምስል ሲል ሁሉንም ያበላሻል። ተመልካቹም እውነተኛ መኪና ባይሰበር ታሪኩን ይከታተላል። በአማርኛ ፊልሞች ውስጥ የፍሬን ጩኸትና የረገፈ መስታወት ብቻ አሳይቶ አደጋውን ማስረዳት የተለመደ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በኮምፒውተር ማንኛውንም ግጭት መሥራት ይቻላል።

እዚህ አገር መኪና ለካሜራ እምብዛም አይሰባበርም። በዝምታ የሚጠፋው ግን ቀላል አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ በትንሽ ብልሽት ቆመው፣ ሣር የበቀለባቸው መኪኖች ለዓመታት የሕዝብ ቅሬታ ምንጭ ናቸው። ወጪ ሆነው በጨረታ እንዲሸጡ እስኪወሰን ድረስ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ፍሪሲዮኑ ይጣበቃል። በጊዜው ቢሸጥ ጥሩ ዋጋ ያወጣ የነበረ ፒክአፕ በመጨረሻ በቁራጭ ብረት ዋጋ ይሄዳል። ዝርፊያ እንዳይኖር የተቀመጠው የማስወገድ ሥርዓት አስፈላጊ ነው። ግን አንድ መኪና ከቆመ በኋላ በስንት ወር ውስጥ ወይ መጠገን፣ ወይ መሸጥ እንዳለበት ቁርጥ ያለ ገደብ ተቀምጦ በጥብቅ ካልተሠራበት፣ ሥርዓቱ ራሱ መኪናውን ይገድለዋል።

በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ የሚከለክለው ዕገዳ ከመጣ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። በአገሪቱ ያሉት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው። ተመሳሳይ መኪና በአዲስነቱ እንደ ቀድሞው ካልገባ፣ ብዙው መለዋወጫ የሚገኘው ከቆሙት መኪኖች ነው። በነዳጅ የሚሠሩትን መኪኖች ከመንገድ የማስወጣት ዕቅድ ሲወጣ፣ መኪናው በማን እጅ እንደሚፈታ፣ የተቃጠለው ዘይትና የባትሪው እርሳስ የት እንደሚሄድ፣ የሚሠራው ካምቢዮም ለማን እንደሚሸጥ አብሮ መጻፍ አለበት።