ስለ ኮርቻ ሠሪና ስለ ጫማ ሰፊ

በሬ በሕይወቱ ሳለ ያርሳል፤ ላምም ወተት ትሰጣለች። ከታረዱም በኋላ ለሰው የሚሰጡት ገና አላለቀም። ሥጋው ጥቂት ቀን ተበልቶ ያልቃል፤ ቆዳው ግን በደኅና ሠራተኛ እጅ ከገባ ብዙ ዘመን ያገለግላል።

ልጆች ሆይ፥ የአያቶቻችሁን ቤት አስቡ። እህሉ የሚጫነው በአቁማዳ ነበር፤ ዱቄቱ የሚቀመጠው በስልቻ ነበር። መንገደኛ ስንቁን የሚይዘው ቆዳ በለበሰ አገልግል ነበር። አልጋው በጠፍር የተጠለፈ ነበር፤ አልጋ የሌለው ድሀም ቁርበት አንጥፎ ይተኛ ነበር። ተማሪው የሚደግመው ዳዊት በብራና ተጽፎ፥ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ከግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር። ከበሮም ቆዳ ካልለበሰ ድምፅ አይሰጥም። ይህ ሁሉ የቆዳ ሠሪ የእጁ ሥራ ነው።

ቆዳ ግን ከከብቱ እንደ ተገፈፈ ቢተዉት ይበሰብሳል። ከመበስበስ የሚድንበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ማድረቅ ነው። ቆዳውን በችካል ይወጥሩታል፤ የቀረውን ሥጋና ሞራ ይፍቁለታል፤ ከዚያም በነፋስ ያደርቁታል። ይህ ጥሬ ቆዳ ይባላል። ጥሬ ቆዳ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ ግን ተመልሶ ይጠነክራል፤ ይኰማተራልም።

ሁለተኛው መንገድ ማልፋት ነው። በግራርና በሌሎችም ዛፎች ቅርፊት ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ቅርፊቱን የቀመሰ ሰው ምላሱ ሲሸበሸብ ይሰማዋል፤ ይህን የሚያደርገው ታኒን ነው። ሠራተኛው ቅርፊቱን ወቅጦ በውሃ ይዘፈዝፋል፤ ቆዳውንም በዚያ ውስጥ ብዙ ቀን ያቆየዋል። ታኒኑ ወደ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ከቃጫው ጋር ይያያዛል፤ ከዚህ በኋላ ቆዳው በቀላሉ አይበሰብስም። ደግሞም ቅባት እያጠጣ ያሸዋል፤ ይረግጠዋል፤ እንደገናም ያሸዋል። በአማርኛ ቆዳ ለፋ እንላለን፤ ሰውም ደክሞ ሲሠራ ለፋ እንላለን። ቃሉ አንድ መሆኑ የሚገባ ነው፤ ሰው ሳይለፋ ቆዳ አይለፋምና።

ከቆዳው ጠፍር ይወጣል። ብልኅ ሠራተኛ ጠፍር ሲያወጣ ቆዳውን በቀጥታ አይሸነሽነውም። ክብ አድርጎ ይቆርጠውና ከጠርዙ ጀምሮ ዙሪያውን እየዞረ ወደ መካከሉ ይገባል። በዚህ ዓይነት ከትንሽ ቁራጭ እንኳ ረጅም ጠፍር ያገኛል። አንድ ጠፍር ብቻውን ይበጠሳል። ሦስት ጠፍር ሲጎነጎን ግን አንዱ ሌላውን ይይዛል፤ አንዱ በአንድ ስፍራ ቢደክም ሸክሙን ሁለቱ ይካፈሉለታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውን ተረት ጉንጉን በዓይን ያሳያል።

የጉንጉን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በጨዋታ ነው። እረኞች ከብት ሲጠብቁ ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ዕለትም ያስጮኹታል። የልጅ እጅ እንዲህ ባለ ጨዋታ ይፈታል። ትዕግሥት ያለው ልጅ ካደገ በኋላ ልጓም፥ ዛብና መጫኛ መሥራት ይችላል፤ ጨዋታ የነበረውም እንጀራ ይሆነዋል።

ነገር ግን ከቆዳ ሥራ ሁሉ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው ኮርቻ ነው። የኮርቻ አጥንቱ እንጨት ነው። ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች በፈረሱ ጀርባ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ከፊትና ከኋላ ያሉት ሁለት ከፍ ያሉ እንጨቶች ያያይዟቸዋል። ሠራተኛው በውሃ የራሰ ጥሬ ቆዳ ያለብሳቸውና በወስፌ እየበሳ በጠፍር ይሰፋዋል። ቆዳው ሲደርቅ ይኰማተርና እንጨቶቹን አጥብቆ ይይዛል። በላዩም የለፋ ቆዳ ይለብሳል፤ እርካቡም ይንጠለጠላል። በቀድሞ ዘመን የኢትዮጵያ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ስለ ጋለበ እርካቡ ጠባብ ነበር፤ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ ያስገባበት ነበር።

በሁለቱ ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል ክፍት ስፍራ አለ። የፈረሱ አከርካሪ በዚያ ስፍራ ሥር ስለሚያልፍ የጋላቢው ክብደት በጎንና በጎን ባለው ሥጋ ላይ ያርፋል፤ በአጥንቱ ላይ አያርፍም። እንጨቱ ቢጣመም ወይም ከታች አንድ ቋጠሮ ቢቀር ግን ክብደቱ ሁሉ በዚያች በአንዲት ነጥብ ላይ ይወርዳል። በመጀመሪያ ጠጉሩ ይመለጣል፤ ቀጥሎ ቆዳው ይላጣል፤ በመጨረሻም ይቆስላል። እንዲህ የቆሰለ ከብት ገጣባ ይባላል።

አንድ ልጅ ሙያ ለመማር ወደ ኮርቻ ሠሪ ቤት ገባ እንበል። ልጁ የመጀመሪያ ኮርቻውን በጨረሰ ጊዜ ላዩን በቀይ ቆዳ አስጊጦ በደስታ ወደ መምህሩ አመጣው። ሽማግሌው ግን ጌጡን ሳይመለከት ኮርቻውን ገለበጠው።

«አባቴ፥ ላዩን ሳያዩ ስለ ምን ገለበጡት?» አለ ልጁ።

«ልጄ፥ ላዩን ገዢው ያየዋል፤ ጉድለት ቢያገኝበትም ይነግርሃል። ታቹን የሚያውቀው ግን ፈረሱ ብቻ ነው፤ ፈረስ ደግሞ አይናገርም። ስለዚህ ከፈረሱ ጀርባ በፊት የአንተ እጅ ይዳስሰው» አለው።

ልጁም በመዳፉ ቢዳስሰው የባቄላ ፍሬ የምታህል ቋጠሮ አገኘ። ስፌቱን ፈትቶ እንደ ገና ሰፋው፤ በዚያም ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም።

በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ብዙ ፈረሰኛ ዘምቷል። የዚያን ድልና የፈረሶቹን ውለታ ለማሰብ በአገው ምድር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። በየዓመቱም ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ በእንጅባራ ተሰብስበው በዓል ያደርጋሉ። ተመልካቹ የፈረሱን ግላስና የልጓሙን ጌጥ ያደንቃል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ነገር ግን የታቹ ስፌት ካልተስተካከለ ያ ፈረስ ማድረስም አይችልም።

ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳና በፈረስ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ስለ ማይናገረው መጠንቀቅ ግን በዚሁ ከተማ በሌላ የቆዳ ሥራ ይገኛል።

በከተማው ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ዘነበ ወርቅ በሚባለው ሰፈር አለርት የሚባል ሆስፒታል አለ። በዚያ ስፍራ ከኢጣልያ ወረራ አስቀድሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራ ሆስፒታል ነበረ፤ በልዕልት ዘነበ ወርቅም ስም ይጠራ ነበር። በ1958 ዓ.ም. አለርት ተቋቋመ፤ ከአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ሐኪሞችና ሠራተኞችም የዚህን በሽታ ሕክምና ይማሩበት ጀመር።

ሥጋ ደዌ ከእርግማን ወይም ከዘር አይመጣም። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ነው፤ ይህንም ሀንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. አገኘው። ዛሬ በሽታው በመድኃኒት ይድናል። ነገር ግን በጊዜ ካልታከመ ነርቭ የሚባሉትን፥ ስሜትን የሚያደርሱ ቀጫጭን ሥሮች ያበላሻል። ነርቭ የተበላሸበት እግር ሕመም አይሰማውም።

ሕመም አለመሰማት ለሚሰማ ሰው መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን መልካም አይደለም። ጠጠር ከጫማ ሲገባ ሌላው ሰው ወዲያው ቆሞ ያወጣዋል፤ ሕመሙ ይነግረዋልና። እግሩ የማይሰማው ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ይሄድበታል። ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ቁስሉን ያያል። ቁስሉም ወደ አጥንት ከገባ እግሩ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ይህ እግር እንደ ፈረስ ጀርባ ነው፤ በደል ሲደርስበት አይናገርም።

ለእንዲህ ያለው እግር የሚሠራ ጫማ ከሌላው ጫማ የተለየ ነው። ሠራተኛው የእያንዳንዱን ሰው እግር ልክ ይወስዳል። እሾህ እንዳይወጋው ከታች ጠንካራ ጎማ ያደርግለታል፤ ክብደቱ በአንድ ስፍራ እንዳይወርድ ውስጡን በለስላሳ ነገር ያነጥፍለታል። ምስማርም አይመታበትም፤ ምስማሩ ውሎ አድሮ ወደ ውስጥ ብቅ ቢል ባለቤቱ አያውቀውምና። በአለርትም ለሕሙማን እንዲህ ያለ ጫማ የሚሠራበት ክፍል ተቋቁሞ ነበር። በጫማው ውስጥ የቀረች አንዲት ቋጠሮ ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ናት፤ ለእነርሱ ግን እግር የምታሳጣ ናት።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ሊከበር ይገባዋል። በቀድሞ ዘመን ግን ቆዳ ሠሪ ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ በብዙ ስፍራም ጎረቤቶቹ ከእርሱ ጋር አይጋቡም ነበር። ሰዳቢው ግን በእርሱ ጠፍር ላይ ይተኛ ነበር፤ በእርሱ ኮርቻ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በእርሱ አቁማዳም እህሉን ይጭን ነበር። ዐፄ ምኒልክ ይህን ነገር ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ማንም ሰው ሠራተኛን በሥራው ምክንያት እንዳይሰድብ አወጁ። አዋጅ በአንድ ቀን ይነገራል፤ የሰው ልብ ግን እንደ ቆዳ ነው፤ እስኪለፋ ድረስ ብዙ ቀን ይፈጃል።

ልጆች ሆይ፥ እናንተም ነገ ልዩ ልዩ ሥራ ትይዛላችሁ። አንዱ ቤት ይሠራል፤ አንዱ መድኃኒት ይቀምማል፤ አንዱ ልብስ ይሰፋል። ሥራችሁን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ገልብጣችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። ላዩን ገዢው ያየዋል፤ ታቹን የሚያውቀው ግን የሚሸከመው ነው።