የከተማ ቻርተርና የነዋሪው ምክር



የዛሬው ንግግራችን ቻርተር ተብሎ ስለሚጠራው የከተማ ሕግና ሕጉ በሚሻሻልበት ጊዜ ነዋሪው ሊኖረው ስለሚገባው ድርሻ ነው። ነገሩ በረቂቅ አሳብ ብቻ እንዳይቀር፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ከሚገኘው ከአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ እንነሣ።

ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የተባሉት ወንዞች ከእንጦጦና ከአካባቢው ከፍታዎች ወርደው፣ ከተማውን አቋርጠው፣ በደቡብ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በመንገዳቸውም የመኖሪያ ቤቱን፣ የገበያውንና የፋብሪካውን እድፍ ይዘው ይወርዳሉ። በአንጻሩ ደግሞ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚሳበው ውሃ ሽቅብ ተገፍቶ የከተማውን ሕዝብ ያጠጣል። እንግዲህ የአቃቂ ሰው ንጹሑን ውሃ ወደ ላይ ይሰዳል፤ የደፈረሰውን ከላይ ይቀበላል። ይህን ጉዳይ ለወረዳው ቢያመለክት የወረዳው ሥልጣን ከወረዳው ወሰን አያልፍም። ለክፍለ ከተማው ቢያመለክትም ወንዙን የሚያሳድፈው ብዙው ነገር ከክፍለ ከተማው በላይ ያለ ነው። ታዲያ ኃላፊው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ከሥሩ የሚመልሰው ሥልጣንን ከላይ እስከ ታች የሚያከፋፍለው ሕግ ነው፤ እርሱም ቻርተሩ ነው።

በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች በወጣው አዋጅ መሠረት ነዋሪውን ወክለው በምክር ቤት የሚቀመጡት የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ተከራይ ድምፅ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኖ ሲታወጅ ቀበሌ የሚባለው የነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ፣ ዝርዝሩ በሕግ እንዲወሰን አዘዘ። በዚህም ትእዛዝ መሠረት በ1989 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 87 ወጣ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በመጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 311፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም አዋጅ ቁጥር 361 ተተካ።

እዚህ ላይ አድማጭ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቻርተሩን የሚያወጣውና የሚያሻሽለው የፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የከተማው ምክር ቤት በቻርተሩ ሥር ሆኖ ሕግ ያወጣል እንጂ ራሱን ቻርተሩን ሊለውጥ አይችልም። ስለዚህ የአቃቂው ነዋሪ ቃል ከቻርተሩ ገጽ ላይ እንዲደርስ ረጅም መንገድ መጓዝ አለበት።

መንገዱ ረጅም መሆኑን የ2010 ዓ.ም. ማሻሻያ ያስረዳል። የከተማው ምክር ቤት የሥራ ዘመን ባለቀበትና ምርጫው በተራዘመበት በዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 1094 ወጥቶ፣ ምክር ቤቱ እስከሚቀጥለው ምርጫ እንዲቆይ፣ ከምክር ቤቱ አባላት ውጭ የሆነ ሰውም በምክትል ከንቲባነት ሊሾም እንዲችል ፈቀደ። ማሻሻያው የጊዜውን ችግር ለማለፍ የተደረገ ነበር፤ የወንዙና የጉድጓዱ ጥያቄ ግን በቦታው ቀረ። ሕግ አስቸኳይ ነገር በመጣ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ አስቸኳይ ያልተባለው የነዋሪው ችግር ሁልጊዜ ተራ ይጠብቃል።

ሕግ ሳይከፈት ሲቆይም ያረጃል። ለምሳሌ በ1995ቱ ቻርተር የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የንብረትና የገንዘብ ክርክር እንዲያይ ተወስኖ ነበር። የዚያን ጊዜው 5,000 ብርና የዛሬው 5,000 ብር በስም አንድ ቢሆኑም በገበያ አንድ አይደሉም። ድኻው ጉዳዩን በሰፈሩ እንዲጨርስ የታሰበው ሥልጣን፣ ቁጥሩ ሳይነካ፣ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ይሄዳል።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ምን መላ እንዳበጁ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ የሲያትል ከተማ የምትገኝበት ኪንግ ካውንቲ የሚባለው አውራጃ፣ ቻርተሩ ቢያንስ በየ10 ዓመቱ እንዲመረመር በራሱ በቻርተሩ ውስጥ ጽፏል። መርማሪዎቹም ከ15 የማያንሱ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከየምርጫ ክልሉም ይወከላሉ። የደረሱበትን አሳብ ለአውራጃው ምክር ቤት ያቀርባሉ፤ ምክር ቤቱ የተቀበለው ማሻሻያም በሕዝብ ድምፅ ይጸድቃል። የአገሩ ልማድ ከእኛ ቢለይም ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር አለ፤ የምርመራው ጊዜ በሕግ ከተወሰነ ነዋሪው እንዲጠራ ደጅ መጥናት አያስፈልገውም።

በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ሰጥቷል። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ቋሚ ኮሚቴዎች በረቂቅ አዋጅ ላይ የሕዝብ አስተያየት የሚሰሙበት ልማድ አለ። ነገር ግን ረቂቁ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የሚነገር ምክር፣ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ስለ መሠረቱ እንደ መምከር ነው። ምክር የሚረዳው ድንጋዩ ሳይነባበር ነው።

ስለዚህ በዕድር፣ በዕቁብና በወረዳ ስብሰባ የሚገናኘው ነዋሪ «ውሃ የለም፣ ወንዙ ሸተተ» ብሎ ማማረር ብቻ አይበቃውም። ስለ ወንዙ የሚጠየቀው የትኛው እርከን እንደሆነ፣ ያ እርከን በቂ ሥልጣንና በጀት እንዳለው፣ ኃላፊው ባይሠራ አቤቱታው ለማን እንደሚቀርብ ለይቶ ቢጽፍና ለተወካዩ ቢሰጥ፣ ቅሬታው ወደ ሕግ አሳብነት ይለወጣል። ሕግ አውጪውም በበኩሉ የቻርተሩን መመርመሪያ ጊዜ በቻርተሩ ውስጥ ቢወስን፣ ከላይ የሚኖረውና ከታች የሚኖረው በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው ስለ አንዱ ወንዝ ሊመክሩ ይችላሉ።