የሰሜንን ብርሃን ለማየት የሚሻ መንገደኛ

በጣና ዳር በቁንዝላ የሚያድር ሰው ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከዋክብትን አጥርቶ ያያል፤ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ እንደ መጋረጃ የሚውለበለበውን አረንጓዴ ብርሃን ግን አያይም።

ይህ ብርሃን የሚታየው በፀሐይ ነፋስ የሚነዱ የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች የምድርን የማግኔት መስመሮች ተከትለው ሲወርዱና 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ከአየር ጋር ሲጋጩ ነው። የምድር ማግኔታዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፥ መስመሮቹ እኛ ዘንድ ተጋድመው ያልፋሉ እንጂ አይወርዱም።

ስለዚህ በአውሮፓ የሚማር ወጣት ጨለማን አስልቶ መነሣት ይገባዋል። የትምህርት ዕረፍት ነው ብሎ በሰኔ ወደ ኖርዌይዋ ከተማ ወደ ትሮምሶ ቢሄድ፥ ፀሐይ ከቶ አትጠልቅምና ከድርጎው የቆጠበው ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ግን ሌሊቱ ይጨልማል፤ ደመናም ሊጋርደው ስለሚችል የአንድ ሳይሆን የአራት የአምስት ሌሊት ስንቅ ይያዝ።