ከፕላስቲክ ሳጥን እስከ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል፦ የተማሪዎች የመተንፈሻ መሣሪያ እንዴት ተፈተነ?

ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ሕይወት ከሚያልፍባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የሳንባ አለመጎልበት ነው። በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ቅባትነት ያለው ንጥረ ነገር አለ፤ ጊዜው ሳይደርስ በተወለደ ሕፃን ሳንባ ውስጥ ግን ይህ ንጥረ ነገር በበቂ መጠን አይገኝም። ሕፃኑ ለእያንዳንዱ ትንፋሽ ይታገላል፤ በጎድን አጥንቶቹ መሃል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፣ ያቃስታል፣ በመጨረሻም ይደክማል። ባብል ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ በአፍንጫው በኩል ያለማቋረጥ አየርና ኦክስጅን በመንፋት ከረጢቶቹ ተከፍተው እንዲቆዩ ያግዛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመውጫው ቱቦ ጫፍ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ ግፊቱን የሚወስነውም የጥልቀቱ መጠን ነው። ጫፉ 6 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱ የ6 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያህል ይሆናል። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ አረፋ ካወጣ ነርሷ ግፊቱ መኖሩን በዓይኗ ታያለች፤ አረፋው ከቆመ አየር የሆነ ቦታ እያመለጠ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የዋጋው ነገር ነው፤ ፋብሪካ ሠራሹ መሣሪያ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል።

በቴክሳስ፣ ሂዩስተን የሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ይህንኑ ችግር ለመፍታት ተነሡ። በዓሣ ማሳደጊያ መስተዋት ውስጥ አየር የሚነፉ ትናንሽ ፓምፖችን ወስደው በፕላስቲክ የጫማ ሳጥን ውስጥ ገጠሙ። የመጀመሪያው ናሙና ይህ ነበር።

የናሙናው የመጀመሪያ ፈተና በቤተ ሙከራ ነበር። የሚያስወጣው አየር ፍሰትና ግፊት በሆስፒታሎች ከሚሠራበት መሣሪያ ጋር በልኬት ተነጻጸረ፤ ተመጣጣኝ ሆኖም ተገኘ። የዚህ ደረጃ ጥቅም ግልጽ ነው፦ ልኬቱን ያላለፈ መሣሪያ ወደ ሕፃን አፍንጫ መቅረብ የለበትም። ቀጥሎ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሰርድ ስቶን ዲዛይን የተባለ ድርጅት ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆኖ ናሙናውን የሆስፒታል ሥራ ወደሚችል ጠንካራ ምርት አሳደገው። መሣሪያው ፑማኒ ተባለ።

ወሳኙ ፈተና በማላዊ፣ ብላንታየር ከተማ በሚገኘው ክዊን ኤልዛቤት ማዕከላዊ ሆስፒታል ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2012 በተደረገው ጥናት ክብደታቸው ከ1 ኪሎ ግራም በላይ የሆኑና ከባድ የመተንፈስ ችግር ያለባቸው 87 ጨቅላ ሕፃናት ተካተቱ። 62ቱ በመሣሪያው፣ 25ቱ በተለመደው የአፍንጫ ኦክስጅን ታከሙ። ከመሣሪያው ተጠቃሚዎች 71 በመቶው ሲተርፉ፣ ኦክስጅን ብቻ ካገኙት የተረፉት 44 በመቶ ነበሩ። ሕፃናቱ በዕጣ ስላልተመደቡ ልዩነቱን ሁሉ ለመሣሪያው ብቻ መስጠት አይቻልም፤ ሆኖም ውጤቱ ሥራውን ለማስፋፋት በቂ ተስፋ ሰጠ።

ማሻሻሉ ግን በዚህ አላበቃም፤ መሣሪያው በበርካታ ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ሲውል አዳዲስ ጥያቄዎች ተነሡ። አንደኛው መሣሪያው ለየትኛው ሕፃን ይገባል የሚለው ነው። ስፔሻሊስት ሐኪም በሌለበት ይህን የምትወስነው ነርሷ ስለሆነች ቀላል መመዘኛ ተዘጋጀላት፦ የሕፃኑ ጡንቻ ካልዛለ፣ ለመተንፈስ ከተቸገረና ልቡ በደቂቃ ከ100 ጊዜ በላይ ከመታ መሣሪያው ይደረግለታል። ሁለተኛው ጥያቄ የሙቀት ነው። በማላዊ የተደረገ ክትትል እንዳሳየው፣ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ የቆየ ሕፃናት ከመሣሪያው ተገቢውን ጥቅም አላገኙም። ስለዚህ ትንፋሽን መርዳትና ሕፃኑን ማሞቅ አብረው መሄድ ያለባቸው ሥራዎች ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት የሕክምና መሣሪያ የሚፈተነው በሦስት ቦታ መሆኑ ነው፦ በመለኪያ ፊት፣ በታካሚው አካል ላይና በየዕለቱ በሚጠቀምበት ባለሙያ እጅ። የመጀመሪያው የመሣሪያውን ብቃት፣ ሁለተኛው የሕክምናውን ጥቅም፣ ሦስተኛው ደግሞ በአካባቢው መጓደል የሌለበትን ሌላ ነገር ሁሉ ያሳያል። የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ከአጋሮቹ ጋር የመሠረተውና ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ አገሮች የሚሠራው ኔስት 360 የተባለው ጥምረት ከአንድ መሣሪያ አልፎ ሙሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በማሟላት፣ ባለሙያ በማሠልጠንና ጥገና በማደራጀት ላይ ማተኮሩም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።