ተጨማሪ መረጃ፦ ከገበያ የወጣ ሁሉ ፈረሰ ማለት ነው?

አየር ጤና ካሉት የሞባይል ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ አዲስ የወጣ የኤልጂ ስልክ ብትጠይቁ አታገኙም። ጥፋቱ የባለሱቁ አይደለም። የደቡብ ኮሪያው ኩባንያ ከስልክ ገበያ ለመውጣት መወሰኑን መጋቢት 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አስታውቋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ዓመታት ገደማ የስልክ ክፍሉ ወደ 4.5 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ከስሯል። የፈጠራ ችግር ነበረበት ማለት ግን ያስቸግራል፤ የሚሽከረከር ስክሪን ያለው ስልክ ሳይቀር ሠርቷል። ከላይ ሳምሰንግና አፕል፣ ከታች ደግሞ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡት የቻይና አምራቾች መሐል አስገቡት። በአገራችን የተገጣጠመው ቴክኖም የቻይና ኩባንያ ምርት ነው።

ኤልጂ ግን አልፈረሰም፤ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ዛሬም ያመርታል። የጃፓኑ ኒኮንም የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር መሥራቱን ሲያቆም ካሜራውን አልተወም። በምጣኔ ሀብት ትምህርት ይህ ከአንድ ምርት ገበያ መውጣት ይባላል፤ ካፒታሉና ባለሙያው የተሻለ ትርፍ ወደሚገኝበት መስክ ይዛወራል። ኤልጂ ከመረጣቸው መስኮች አንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ክፍሎች ሥራ ነው። ለባለአክሲዮኖቹ ውሳኔው ትክክል ነበር፤ መለዋወጫ የሚፈልገው የድሮ ደንበኛ ግን ዋጋውን ከፍሏል።