ዐቢይ ቀመር፤ ስለ 532 ቍጥር ጠባይ

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፥ በቦሌ፥ ሁለት የዘመን አቈጣጠሮች ጐን ለጐን ይሠራሉ። በአውሮፕላን ማረፊያው የጕዞ ቀን በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ይጻፋል፤ ከዚያ ሳይርቅ በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ግን የጾምና የበዓል ቀን የሚታወቀው በባሕረ ሐሳብ ነው። የባሕረ ሐሳብ ታላቁ ዑደት 532 ዓመት ሲሆን፥ ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር ይሉታል። ይህ ቍጥር እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ ከቍጥር ጠባይ የተገኘ ነው።

የፋሲካ ቀን በሦስት ዑደቶች ይወሰናል። አንደኛው አራቱ ወንጌላውያን የሚፈራረቁበት 4 ዓመት ነው፤ በዚህም ውስጥ አንድ ጊዜ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ሁለተኛው የሳምንቱ 7 ዕለታት ናቸው። ሦስተኛው ሠርቀ ጨረቃ ወደ ቀድሞ ቀኑ የሚመለስበት 19 ዓመት ነው፤ ይህም ንዑስ ቀመር ይባላል።

4 እና 6 ሁለቱም ለ2 ስለሚካፈሉ፥ ብዜታቸው 24 ቢሆንም ቀድመው በ12 ይገናኛሉ። ከ4፥ ከ7 እና ከ19 ግን ማናቸውንም ሁለቱን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከ1 በቀር ሌላ ቍጥር የለም። ስለዚህ ከአንድ መነሻ ቢነሡ፥ ሦስቱም ዳግመኛ የሚገናኙት ብዜታቸው ሲሞላ ብቻ ነው። 4 በ19 ሲባዛ 76 ይሆናል፤ ይህም ማኅተም ነው። 76 በ7 ሲባዛ 532 ይሆናል።

ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ ከዚህ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ፥ አበቅቴና መጥቅዕም ዘወትር ድምራቸው 30 ነው። በዚህ ስሌት የ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። 532 ዓመት ወደ ኋላ ቢቈጠር 1485፥ ወደ ፊት ቢቈጠር 2549 ዓ.ም. ይገኛል፤ በሁለቱም ዘመኑ ማቴዎስ፥ ፋሲካውም ሚያዝያ 12 ነው።

በአውሮፓውያን 1582 ዓመት የታወጀው የጎርጎርዮስ አቈጣጠር በየ400 ዓመቱ 3 ቀን ስለሚያጐድልና የጨረቃንም ቍጥር ስለሚያርም፥ የፋሲካው ዑደት የሚሞላው በ5,700,000 ዓመት ነው። ከዚህ አንጻር 532 እጅግ አጭር ነው፤ የአንዱን ዑደት በዓላት የያዘ ሰሌዳ ለሚከተለውም ዑደት ያገለግላል።

የታተመ የቀን መቍጠሪያ በየቤቱ ስለሚገኝ ስሌቱ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ነገር ግን አታሚው ቢሳሳት፥ ስሕተቱን የሚያርመው ማስላት የሚችል ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ መምህሩ ማካፈልንና ቀሪን በሚያስተምርበት ጊዜ፥ በመንደሩ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ጋብዞ የመጪውን ዓመት ፋሲካ ከልጆቹ ጋር ቢያሰላ፥ ሒሳብም ይጠናል፥ የአባቶችም ዕውቀት ወራሽ ያገኛል።