ከድንች የሚወጣው ፖዚትሮን

በየካ ክፍለ ከተማ ሾላ ገበያ አንድ ኪሎ ድንች የገዛ ሰው፣ ሳያውቀው የፖዚትሮን ምንጭ ተሸክሞ ይገባል። ድንቹ ከአፈር የሳበው ፖታሲየም ጥቂት ራዲዮአክቲቭ አቶሞች ስላሉት፣ በሰዓት አራት አምስት ያህል ፖዚትሮኖች ይወጡታል። አያስፈራም፤ በእንጦጦ አፈርም በእኛም ሰውነት ውስጥ ይኸው ፖታሲየም አለ።

ፖዚትሮን አዎንታዊ ሙል ያለው የኤሌክትሮን መንታ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጠፍተው ጋማ ጨረር ይሆናሉ፤ ካንሰርን የሚፈልገው የፔት ምርመራ መሣሪያም የሚያነበው ይህንኑ ጨረር ነው።

ከመጥፋቱ በፊት ግን በሞለኪውል ሊያዝ ይችላል። ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ ትርፍ ጉልበቱን ለሞለኪውሉ ንዝረት አስረክቦ ለቅጽበት ይጣበቃል። በሳንዲያጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን በጋዞች ላይ በሙከራ አሳይተዋል። በነዳጅ ውስጥ እንዳሉት ያሉ ሞለኪውሎች የካርቦን ሰንሰለታቸው በረዘመ ቁጥር ይበልጥ አጥብቀው ይይዙታል።